የእትዬ መርፌ ዋስትና

እትዬ መርፌ ሰው አታምንም። ደብቃውም አታውቅም፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳትል የምትውልበት ቀን የለም። ዳቦ ስትገዛ ገልብጣ ታያለች፣ ታክሲ ስትሳፈር ቦርሳዋን እንደ ጡት ልጅ ደረቷ ላይ ታቅፋለች፣ ሰላም የሚላትን ሰው ሁሉ «ምን ፈልጎ ነው?» ብላ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ትለካዋለች። «መርፌ» የሚለውን ስም ያወጡላት የምትሠራበት የደንብ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ኮሌታ በመስፋት የሚደርስባት አልነበረም፤ በነገር በመውጋትም እንደዚያው።

አይፈረድባትም። ከገጠር ስትመጣ እሷም እንደ ማንም የዋህ ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ አንዲት የአገሯን ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ መርፌ አያያዝ፣ ክር አገባብ፣ ጨርቅ አቆራረጥ አስተማረቻት። ልጅቱ በደንብ ተማረች። ወይ መማር! አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ መርፌ ስትገባ ልጅቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ አሠሪውም «አንቺ ከእንግዲህ አታስፈልጊንም» አላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ የቤቷ የዕቃ ሳጥን ጓጉንቸር አለው፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ደግሞ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ተንጠልጥሎ ያድራል።

ከሳጥኑ ይልቅ ግን አጥብቃ የቆለፈችው ሌላ ነገር ነበር። ዓይኗ እየከዳት ነው። መጀመሪያ ሲመሽ ነበር የሚያስቸግራት፤ ቆይቶ በጠራራ ፀሐይም መርፌዋና ክሯ አልገናኝ አሉ። ሐኪሙ «መነጽር የሚያቃናው ነገር አይደለም» ብሎ አሰናበታት። እሷ ታዲያ በጣቷ እየዳበሰች፣ በልማድ እየገመተች ትሰፋለች፤ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላለችም። የፋብሪካው ካቦ ካወቀ በዚያው ቀን ያሰናብታታል። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ ዕድሜዋም ሌላ ቦታ የሚያስቀጥር አይደለም። ከዚያ ወንበር ከተነሳች የኪራይ ቤቷም የለም፤ ቤት ከሌላት ደግሞ ከተማውም የእሷ አይደለም።

የባሏ እህት የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የባል እህት! ሌላ ዘመድ ጠፍቶ! መሬቱ ለወንድማማች ሲሸነሸን፣ ለልጆቻቸውም ሲሸነሸን፣ ለእሷ የሚደርሳት ቢጠፋ ጥቅሏን በጨርቅ ቋጥራ ከተማ ገባች። በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ «እታለም!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። እትዬ መርፌም አቀፈቻት፤ ምን ታድርግ፣ ባሏ ነፍሱ ስትወጣ «እህቴን አደራ» ብሏል፣ የሙት አደራ ደግሞ አይበላም።

እንግዳዋ በመጣች ማግስት ቤቱን አጥባ ጠርጋ፣ ዕቃውን ሁሉ እንደ አዲስ ደረደረችው። እትዬ መርፌ በዳበሳ የምታገኘው ብርጭቆ ጠፋ፣ ጨው ጠፋ፣ ክብሪት ጠፋ። አንድ ቀን ሙሉ ስትደነቃቀፍ ዋለች፤ ቅር ቢላትም ምክንያቱን መናገር አትችልም። በነጋታው ግን ተነስታ እጇን ስትሰድ ብርጭቆው በቦታው፣ ጨውም በቦታው፣ ክብሪቱም በቦታው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እትዬ መርፌ ግን በሆዷ «ቤቴን አጥንታዋለች» አለች።

«ያቺን ጥቅልሽን ቁልፍ ያለው ነገር ውስጥ አድርጊያት» አለቻት ያን ዕለት ማታ። «እዚህ ከተማ ነው።»

«ከማን ነው የምቆልፈው እታለም? ያለነው እኔና አንቺ።»

«እኔንስ በምን ታውቂኛለሽ?»

የባሏ እህት ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። «የወንድሜ ሚስት አይደለሽ እንዴ!»

ወሬ ደግሞ ትወዳለች። እራት ላይ የአገሯን ነገር ሳታነሳ አታድርም፤ አንድ ማታ ስለ አንድ ኩሩ ሽማግሌ አጫወተቻት።

«ጉልበታቸው ከዳቸው፣ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልናገርም አሉ። ማሳቸውን አረም ሊውጠው ሆነ። እኛ ታዲያ ጎረቤቶቻቸው ገና ሳይነጋ ገብተን አርመንላቸው ውልቅ! ሲነጋ ይመጡና ‹አያችሁ፣ አረሙም ይፈራኛል!› ብለው ይፎክራሉ። እኛ እንሰማለን፣ ዝም ነው። ከተነገራቸውማ ምኑን ረዳናቸው? ማዋረድ ነው። ተቀበሩ፣ አላወቁም።»

ይህን ብላ እስክታነባ ሳቀች። እትዬ መርፌ አልሳቀችም። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቺ ሴትዮ ሳይነጋ የሰው ማሳ መግባት ለምዳለች።

ያም ሆኖ ሥራ ያስገባቻት ራሷ ናት። ፋብሪካው ያለ ዋስ ሰው አይቀጥርም፤ እትዬ መርፌ ዋስ ሆና ፈረመች። ከልቧ ግን አልፈረመችም። ሥራዋ ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈ ክር መቁረጥና ወለል መጥረግ ሆነ። «መስፋት ትችያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ሳትጠየቅ የምትናገር ዓይነት አይደለችም። ሠራተኛው «አዲሷ» ይላት ጀመር።

አዲሷ ከሰው ቶሎ ተላመደች። የበሩን ዘበኛ በጥቂት ቀን ወንድም አደረገችው። ፈታሿን፣ ያቺን የተሰፋውን ልብስ እያገላበጠች ጥሩውን የምታሳልፍ፣ መጥፎውን የምትመልስ ክፉ ሴት፣ እንኳ ሳቅ አስተማረቻት። እትዬ መርፌ በዚያ ፋብሪካ አርጅታ ፈታሿ አንድ ቀን ጥርሷን አሳይታት አታውቅም። ሁለቱ ቆመው ሲንሾካሾኩ ጆሮዋን ትቀስራለች፤ ስትደርስ ዝም ይላሉ። ስለ ሌላ ምን ይወራል? ስለ እሷ ነው እንጂ!

ይባስ ብሎ አዲሷ ጎህ ሳይቀድ ከቤት መውጣት አመጣች።

«ወዴት ነው በዚህ ማለዳ?»

«ወለሉን ቀድሜ ልጥረገው ብዬ ነው፤ ሰው ከሞላ አይመችም። አንቺ ትንሽ ተኝ፣ እታለም።»

ተኝ! በነፃ ለመሥራት የሚቸኩል ሰው የት አገር ነው ያለው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ማታ ስትመለስ ደግሞ ቀሚሷ ላይ ግራጫ ክር ተጣብቆ ይገኛል፤ ግራጫ ልብስ የምትሰፋው እትዬ መርፌ ናት። መርፌዎቿም እንግዳ ነገር ሆኑባት። የልብስ ቁልፍ የምትተክልባቸው የእጅ መርፌዎች ጠዋት ስትነሳ ክር ገብቶባቸው መጋረጃው ላይ ተሰክተው ታገኛቸዋለች። «ክሩን አንቺ ነሽ ያስገባሽው?» ስትላት «እጄ ሥራ ሲፈታ ጊዜ» ትላለች። ሰው የሰው መርፌ ምን ብሎ ይነካል? ብላ አውጥታ አውርዳ ታድራለች፤ ጠዋት ግን ትጠቀምባቸዋለች።

በዚሁ ሰሞን ፈታሿ ወደ እትዬ መርፌ መኪና መጥታ «ዕድሜ ወደ ኋላ ይሄዳል እንዴ? ኮሌታሽ እንደ ልጅነትሽ ሆኗል» አለቻት። እትዬ መርፌ በደስታ ሰከረች። ጣቴ ዓይን አወጣ ማለት ነው፣ አለች በሆዷ፤ ዓይኔ ቢከዳኝ እጄ አልከዳኝም። ሰው የማታምነው ሴትዮ ሙገሳ ሲሆን ለማመን አልዘገየችም።

አንድ ቀን ማለዳ ግን አልቻለችም፤ ተከተለቻት። ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ ከዘበኛው ዓይን ሸሽታ፣ በጓሮው በኩል እስከ ስፌት ክፍሉ መስኮት ደረሰች። ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው ያሳያት። ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የሚሰማው የመጥረጊያ ድምፅ አይደለም፤ የስፌት መኪና ነው። የማንም መኪና አይደለም፣ የእሷ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያቃስተውን ድምፅ ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ ትለየዋለች። የሚሰፋው ሰው ደግሞ ጀማሪ አይደለም፤ ሳይቆም፣ ሳይደናቀፍ፣ ኮሌታው መታጠፊያ ላይ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ ነው። እንደዚያ ሲሰፋ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባሏ። ልብስ ሰፊ ነበር። ለካ እህቱንም አስተምሯታል!

ወንበሬ ላይ! ያቺ የድሮዋ ልጅ፣ ያ ሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ተመልሳ ቤቷ ገባችና የአዲሷን ጥቅል ፈታችው። ለመፍታትማ ምን ይከብዳል፣ ቁልፍ የለው! አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሻርፕ፣ የወንድሟ ፎቶ፤ ከሥር ደግሞ አንድ ኮሌታ። ጨርቁን በጣቶቿ አሸችው፤ የፋብሪካው ጨርቅ ነው፣ ያውም ከእሷ ሥራ። ገባት። ሥራዬን እየለቀመች ለካቦው ልታሳይብኝ ነው፣ አለች። ጨርቁን ዳበሰች እንጂ ስፌቱን አልዳበሰችም። ስፌቱን ብትዳብስ ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ኮሌታውን ይዛ ካቦው ዘንድ ገባች። ካቦው ተቀምጦም የሚሮጥ የሚመስል ችኩል ሰው ነው።

«ያመጣኋት ሴትዮ የፋብሪካ ዕቃ ታወጣለች» አለችው። «ይኸው ከጥቅሏ ያገኘሁት። ዋስትናዬን አንስቻለሁ።»

ካቦው አዲሷን አስጠራት። መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። ኮሌታውን ጠረጴዛው ላይ ስታየው መጀመሪያ ኮሌታውን አየች፣ ቀጥሎ እትዬ መርፌን። እትዬ መርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ይህን አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ» አለች።

«እንዲሁ ብሎ ነገር አለ? ከየትኛው ልብስ ላይ ነው ያወጣሽው?»

«እንዲሁ ነው የወሰድኩት» አለች ደግማ። ሽርጧን ፈታ እጥፍጥፍ አድርጋ ወንበሩ ላይ አኖረችው፤ መጥረጊያውን በሩ ጥግ አቁማ ወጣች። እንደ እትዬ መርፌ ግምት ስድብና ለቅሶ መኖር ነበረበት። የለም። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ አለች እትዬ መርፌ።

ማታ ቤቷ ስትገባ ጥቅሏም የለ፣ እሷም የለች። ብርጭቆው በቦታው፣ ጨው በቦታው። መጋረጃውን ስትዳብስ እጇን ወጋት፤ ከላይ እስከ ታች መርፌ ተሰክቶበታል፣ ሁሉም ክር ገብቶባቸዋል። በቤቱ የነበረው መርፌ ሁሉ ነው። ደግሞ ይቺ ምን አስባ ነው? ብላ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው።

በዚያ ሳምንት ፈታሿ እትዬ መርፌ የሰፋችውን የልብስ ጥቅል መለሰችው። ቀጥሎ ሌላውን መለሰችው። ሦስተኛውን ይዛው መጣችና መኪናው ላይ ዘረገፈችው።

«ምን ነካሽ? ኮሌታው እኮ እባብ የሄደበት ነው የሚመስለው!»

«ሁልጊዜ የምሰፋውን ነው የሰፋሁት።»

«ተይ እንጂ። ያቺ እህትሽ ጠዋት ጠዋት ‹የእታለምን ጥቅል መጨረሻ ላይ ፈትሺልኝ፣ ክሩን ቆርጬ አልጨረስኩም› እያለች ስታስጠብቀኝ ሰነበተች። እሷ ከሄደች ነው ሥራሽ የተበላሸው። ክር መቁረጥ ነው ኮሌታ የሚያቃና?»

ፈታሿ ይህን ያለችው ለነገር ነው፤ መልሱን አታውቀውም። እትዬ መርፌ ግን ነገሩን ስታብሰለስል አደረች። ካቦው በማግስቱ ሲያስጠራት የተመለሱት ልብሶች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል፤ አጠገባቸው ያ ከአዲሷ ጥቅል የወጣው ኮሌታ እንደተጣለ አለ። እሱ ሲቆጣ እሷ እጇን ሰደደች። አንዱን ኮሌታ ዳበሰች፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ስፌቱ ይወጣና ተመልሶ ይገባል። ሌላውን ዳበሰች፤ እዚያው ቦታ ላይ ይወጣል፣ ይገባል። ከዚያ ያንን፣ የሌብነቱን ኮሌታ፣ አነሳች። እዚያው ቦታ ላይ ነው። መልሰው ሊሰፉት የማይችሉት፣ የመርፌ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ የተበላሸ የገዛ ሥራዋ ነው።

የባሏ እህት ሳይነጋ የገባችበት ማሳ የማን እንደነበር ያኔ ገባት። የተበላሸውን እየተረተረች ልትሰፋላት ነው የማለደችው። ይሄኛው የማይቃና ቢሆንባት ሌላ ሰፍታ ተክታ፣ ፈታሿ እንዳታገኘው ጥቅሏ ውስጥ ሸሸገችው። «ለምን?» ስትባል «እንዲሁ» ያለችው ቃል አጥታ አልነበረም። አንድ ቃል ብትናገር እሷ ትድናለች፣ እትዬ መርፌ ከሥራ ትወጣለች።

«ትሰሚኛለሽ? ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ ካቦው።

አሁንም መዋሸት ይቻል ነበር። መኪናው ተበላሽቶ ነው ቢባል ያምናል፤ ችኩል ነው። እትዬ መርፌ ኮሌታውን ጨበጠች።

«የእኔ ነው። ያኛውም የእኔ ነው፣ እሷ አልሰረቀችም። ዓይኔ አያይም፣ ወንድሜ። ከቆየ ነው። ኮሌታሽ አማረ ያላችሁኝ ሁሉ የእሷ እጅ ነው።»

ካቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ ተቀመጠ። «የኮሌታው መኪና አንድ ነው» አለ። «ለማያይ ሰው ልሰጠው አልችልም።»

«ለእሷ ስጣት» አለች። ስትፈራው የኖረችው ነገር በገዛ አፏ ወጣ። ካቦውም አጉረመረመና፣ ለእትዬ መርፌ ደግሞ ልብስ ታጥፎ በሚጠቀለልበት ክፍል ቦታ እንዳለ፣ እሱ ሥራ በእጅ ዳበሳም እንደሚሠራ ነገራት።

የባሏ እህት የት እንዳለች የነገራት ዘበኛው ነው። የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ታጥባለች፤ የምታድረው ከሌሎች አጣቢዎች ጋር ነው። እትዬ መርፌ እርጥቡን ደረጃ በእጇ እየያዘች ወጣች።

«እህቴ» አለቻት። እስከዚያ ቀን «አንቺ» እንጂ እህቴ ብላት አታውቅም። «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ መመለስ አልችልም፤ ግን ለካቦው ነግሬዋለሁ። ሁሉንም።»

የባሏ እህት መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ከተተች። «ለምን ነገርሽው?» አለች ተቆጥታ። «እኔ እኮ ደብቄልሽ ነበር።» ከዚያ ደግፋ አወረደቻት። «ይቅር ብያለሁ እታለም፣ ተይ አታልቅሺ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።»

በሳምንቱ ግራጫውን ኮሌታ የባሏ እህት ትሰፋ ጀመር፣ እትዬ መርፌ ታጥፍ ጀመር። ፈታሿ የምትመልሰው ጠፋ። ሁሉም ነገር መልካም ሆነ፤ እንግዲህ መልካም ከተባለ።

የባሏ እህት ወደ ቤት የተመለሰች ዕለት በሩ ተንኳኳ። እትዬ መርፌ ማን ይሆን ብላ ደንግጣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ግቢ እንጂ! ቤትሽ አይደለም?»

«ሳልጠይቅ እንዳልገባ ብዬ ነው» አለች ገብታ። የጨርቅ ጥቅሏ ቀርቶ ዚፕ ያለው ቦርሳ ይዛለች። እራት በሉ። የአገር ጨዋታ አልነበረም፤ ደክሟት ይሆናል። እትዬ መርፌ የካፖርቷን ቁልፍ ልትተክል መርፌ ስትፈልግ የባሏ እህት «አምጪ» ብላ ተቀብላት ክሩን አስገባችላት። እንደ ድሮው ነው። ከዚያ ወደ አልጋዋ ሄደች፤ ዚፑ ሲዘጋ ተሰማ፣ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ድምፅ፣ ቀጭ።

እትዬ መርፌ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። «ምንድን ነው እሱ?» አለች ግን።

«ጓጉንቸር ነው። ትንሽዬ ናት።»

«ከማን ነው የምትቆልፊው? ያለነው እኔና አንቺ።»

የባሏ እህት ቁልፉን በግራጫ ክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። «ልማድ ነው እታለም» አለች። ድምጿ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «ከተማ አይደል? አንቺው እኮ ነሽ የመከርሽኝ።»

እትዬ መርፌ የራሷን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች፤ ሳጥኑን ዳብሳ ከፈተችው፣ ጓጉንቸሩን አውልቃ መሬት አስቀመጠችው፣ ክዳኑን ቧ አድርጋ እንደተከፈተ ተወችው። የባሏ እህት ወደዚያ አላየችም። ነገ ሥራ ገቢ ናት፤ መብራቱን አጥፍታ ተኛች።